ጎላው የማያልፍበት በር

ቤት ገና ሳይሠራ ኮምፒውተር ውስጥ ተሠርቶ ያልቃል ሲሉኝ መጀመሪያ አላመንኩም። ኋላ ሳምን ደግሞ ተናደድኩ። አስቀድሞ ተሠርቶ ካለቀ፣ ውስጡ ተገብቶ ከታየ፣ በሩና መስኮቱ ከተቆጠረ ታዲያ ስህተቱ ከየት ይመጣል? ይህን ለልጄ ልጅ ስንት ጊዜ እንደጠየቅኋት አላውቅም። እሷ አርክቴክት ናት። እኔ የተማርኩት እስከ አራተኛ ክፍል ነው። ሆኖም የእድራችን የሴቶች ወገን ሰብሳቢ ሆኜ ብዙ ዘመን ስለሠራሁ፣ ስህተት ከየት እንደሚመጣ የማውቅ ይመስለኝ ነበር።

ነገሩ የእድራችን አዳራሽ ነው። እዚህ ደብረ ማርቆስ ሰፈራችን ውስጥ ሰው ሲሞት ድንኳን እንተክላለን። ክረምት ከሆነ ከጮቄ በኩል የሚወርደው ዝናብና ብርድ ድንኳኑን አልፎ ለቀስተኛውን ያንዘፈዝፈዋል። አንድ ሐምሌ ላይ የድንኳኑ ምሰሶ በነፋስ ወድቆ አልቃሹም አስተዛዛኙም አብረው ጭቃ ላይ ተቀመጡ። ከዚያ በኋላ አዳራሽ ይሠራ ተባለ። ቦታውም ተገኘ። ንድፉን ማን ያውጣ ሲባል፣ የልጄ ልጅ እዚሁ ከተማ ከሁለት መሐንዲሶች ጋር አንድ ቢሮ ውስጥ ትሠራለችና ስሟ ተነሣ። ያኔ ነጠላዬን ሰብስቤ ተነሣሁ።

«ወዴት እመይቴ?» አለኝ የእድሩ ዳኛ።

«የልጄ ልጅ ጉዳይ ሲታይ አልቀመጥም። ጨርሳችሁ ጥሩኝ።»

ውጭ ድንጋይ ላይ ተቀምጬ ጠበቅሁ። ተጠርቼ ስገባ ሥራውን ሰጥተዋታል። ኃላፊ ሆና በራሷ ፊርማ የያዘችው የመጀመሪያ ሥራዋ ነው። ደስ አለኝ፤ ግን አላሳየሁም፤ ከኔ ጋር የተቀመጡት ሴቶች ፊቴን እያዩ ነበር።

አንድ ቅዳሜ ላፕቶፗን ይዛ ቤት መጣች። እኔ ምስር እለቅማለሁ። አጠገቤ ተቀምጣ ሕንፃውን በጣቷ እንደ እንዝርት አሽከረከረችው።

«ይህ ሥዕል አይደለም እማማ። ሞዴል ነው። ግድግዳው ግድግዳ መሆኑን ያውቃል። በሩ በር መሆኑን ያውቃል። ስፋቱን፣ ከምን እንደሚሠራ፣ ማን እንዲቀየር እንዳዘዘ ሁሉ ይይዛል።»

«በር መሆኑን የማያውቅ በር አይቼ አላውቅም» አልኳት።

ሳቀችና ሌላ አሳየችኝ። የመሐንዲሱ ምሰሶና የቧንቧ ባለሙያው ቧንቧ አንድ ቦታ ላይ ሲጋጩ ያ ቦታ ቀይ ይሆናል። ሦስቱም በየፊናቸው የሠሩት እዚያ ይገናኛል፤ ማን የማንን መንገድ እንደዘጋ ይታያል። ድሮ ይህ የሚታወቀው ሲሚንቶው ከደረቀ በኋላ ነበር አለችኝ። ይህንንስ ወደድኩት። ለየብቻው የሠራ ሰው አንድ ቦታ ተገናኝቶ ሲፋረድ ማየት ደስ ይለኛል።

ከዚያ ማያው ላይ አዳራሹ ውስጥ አስገባችኝ። ሰዎች ቆመዋል። ሁሉም ግራጫ ናቸው። አንዷ አጭር ቀሚስ ለብሳ ቦርሳ አንግታለች። አንዱ ውሻ በገመድ ይዟል።

«እነዚህ እነማን ናቸው?»

«ሰዎች ናቸው። የክፍሉ ስፋት እንዲታይ ነው ያስገባኋቸው። ከፕሮግራሙ ጋር አብረው የሚመጡ ናቸው።»

«ልቅሶ የሚመጣ ሰው ውሻ ይዞ ይመጣል?»

«ውሻውን አጠፋዋለሁ።»

«ሰውዬውንም አጥፊው። ማንንም የሚያስተዛዝን አይመስልም። ቤንቹ የታለ? ጎላው የታለ?»

«እሱ ዕቃ ነው እማማ። ኋላ ይገባል።»

ጎላ ለማያውቅ ሰው፣ ወጥ የሚሠራበት ትልቁ የእድር ድስት ነው። ሁለት ሴቶች በግራና በቀኝ ጆሮ ጆሮውን ይዘው፣ ጎን ለጎን እየተራመዱ ይሸከሙታል። እድራችን አራት ጎላ አለው። ኋላ ይገባል ስትለኝ ያኔ መቆጣት ነበረብኝ። ልቤ ግን ቤንቾቹ ላይ ነበር። የቤንቾቹ ማስቀመጫ ጠባብ መስሎ ታየኝ።

«ዕቃ ቤቱን ክንድ ተኩል ጨምሪው» አልኳት። «ቤንቾቹ ረጃጅም ናቸው።»

«ይቻላል እማማ፤ ግን...»

«ግን» የሚለውን ቃል አልወድም። ዕድሜዬን ሙሉ ሰው «ግን» ካለኝ ሥራው ሊቀርብኝ ነው ማለት ነው። «ግን የለም፤ ጨምሪ» ብዬ ወደ ምስሬ ተመለስኩ። እሷም የሆነ ነገር ጻፈችና ላፕቶፑን ዘጋችው።

መስቀል አልፎ መሬቱ ሲጠነክር ግንባታው ተጀመረ። ኅዳር ላይ ግድግዳው ወገብ ደረሰ ሲሉ ከምክትሌ ጋር ልናይ ሄድን። ምክትሌ ረጅም፣ ቀልደኛ ሴት ናት፤ ግማሹ የእድሩ ዕቃ የሚቀመጠውም እሷ ግቢ ነው። ፎርማኑ እየዞረ አስጎበኘን። ከወጥ ቤት ወደ አዳራሹ የሚያስገባው በር ጋ ስንደርስ ቆምኩ። ክንዴን ዘርግቼ ለካሁት። ሁለት ክንድ በቅጡ አይሞላም።

«ይህ የሰው በር ነው የድመት?» አልኩት።

«እኔ ወረቀቱ ያለኝን ነው የሠራሁት እማማ።» ወረቀቱን አምጥቶ አሳየኝ። እውነቱን ነው። የታዘዘውን የሠራ ሰው አይወቀስምና እሱን ተውኩት።

ምክትሌ በሩን ወደላይ ወደታች አየችው። «እንግዲህ አንዳችን ከፊት አንዳችን ከኋላ ሆነን እናሳልፈዋለና» አለች።

«የፈላ ወጥ ይዘሽ የኋሊት ልትራመጂ ነው?»

«እኔስ ከፊት ነኝ። የኋሊት የምትራመጂው አንቺ ነሽ።»

የምክትሌ ግቢ ቅርብ ነው። ባዶ ጎላ ይዘን ተመለስን። እንደ ልማዳችን ጎን ለጎን ሆነን ወደ በሩ ሄድን። ጎላው ገባ፤ እኛ ውጭ ቀረን። የጣቴ ቆዳ ብሎኬቱ ላይ ተላጠ። ግንበኞቹ ፊታቸውን አዙረው ሳቁ። ምክትሌ ከነሱ ብሳ ሳቀች። እኔ ለመሳቅ ጊዜ አልነበረኝም፤ ያቺ ልጅ ከሥራ እስክትመለስ የምላትን እያዘጋጀሁ ነበር።

ወሬው ግን ከኔ ቀድሞ ዳኛው ቤት ደረሰ። ዳኛው ጡረታ የወጣ ሰው ነው፤ ክፉ አይደለም፣ ችኩል ነው። አጥሬ ሥር መጥቶ ጠራኝ።

«እመይቴ፣ የልጅ ሥራ ይኸው ነው። ለእሑድ ስብሰባ ጠርቻለሁ። ሥራውን ለሌላ ባለሙያ እንሰጠዋለን። ባሕር ዳር አንድ የበሰለ ሰው አለ።»

«እሷ ሳትጠየቅ?»

«በሩ ይናገር የለም እንዴ?»

«በር አፍ የለውም ጋሼ። ሰው ነው የሚጠየቀው።»

«እንግዲህ ለልጅዎ አደሉ እንዳይባሉ ፈርቼ ነው» አለኝና ሄደ።

ይህ አቃጠለኝ። ሥራው ሲሰጣት ውጭ ድንጋይ ላይ የተቀመጥኩ ሴት ነኝ። ከዚያ በላይ ደግሞ የከተማችን ነገር አለ። እዚህ ሁሉም ሁሉን ያውቃል። የመጀመሪያ ሥራዋን በእድር ስብሰባ የተነጠቀች አርክቴክት፣ ማን ሁለተኛ ቤት ይሰጣታል? የዶሮ ቤት እንኳ አይሰጣትም። ይህን እያወቅሁም ጥፋቱ የእሷ ከሆነ ትነጠቅ ብዬ ወስኜ ነበር። ልጄ ናት ብዬ ጠባብ በር መቀበል አልችልም።

ገና ከደጅ ስትገባ ጀመርኩባት። «ሁለት ሴት ጎን ለጎን ጎላ ይዘው እንደሚያልፉ አታውቂም? እዚህ ሰፈር አይደለም ያደግሽው?»

«አውቃለሁ።»

«ታዲያ?»

«ስህተቱ የኔ ነው እማማ። የእሑዱንም ስብሰባ ሰምቻለሁ፤ እንደዚሁ እላቸዋለሁ።»

ቶሎ አመነች። አራት ልጅ አሳድጌያለሁ፤ ቶሎ የሚያምን ልጅ ሌላ ሰው እየሸፈነ ነው።

«መሐንዲሱ ነው ያጠበበው?»

«አይደለም።»

«ባለቧንቧው?»

«አይደለም። ተዉት በቃ።»

«ክፈቺው።»

«ምኑን?»

«ኮምፒውተሩን። በሩ ማን እንዳዘዘው ይይዛል ብለሽኛል። እንግዲህ በሩ ይጠየቅ።»

ባትሪው አልቋል አለች። መብራት አለ፣ ሰኪው አልኳት። ደክሞኛል አለች። እኔም ደክሞኛል አልኳት። በመጨረሻ ከፈተችው። ወጥ ቤቱን አገኘች፣ በሩን ስትነካው በጎን በኩል ጽሑፍ ወጣ። መነጽሬን አደረግሁና ቀስ ብዬ አነበብኩ። በሩ ቀድሞ ባለ ሁለት ተከፋች፣ አንድ ሜትር ከስድሳ ነበር። አሁን ባለ አንድ ተከፋች፣ ዘጠና ሳንቲ ሜትር። ምክንያት፦ የዕቃ ቤቱ ግድግዳ ስለተገፋ። ያዘዘው፦ የሴቶች ወገን ሰብሳቢ።

ደግሜ አነበብኩት። የሴቶች ወገን ሰብሳቢ አንዲት ናት።

«ይህን ከማን ነው የደበቅሽው?»

«ከማንም። ሞዴሉ ላይ አለ።»

«አፍሽ ላይ የለም።»

«እሑድ በሰው ፊት እርስዎን ላሳጣ እማማ? ሥራው ቢሄድ ይሂድ።»

«ያኔስ ለምን አልነገርሽኝም?»

«ልነግርዎ ጀምሬ ነበር። ግን የለም አሉኝ።»

«እና ዝም አልሽ?»

«ምን ላድርግ? አሠሪዬም ነዎት፣ አያቴም ነዎት።»

ብግን አልኩ። በእሷ ልብገን በራሴ መለየት አቃተኝ። «ነርስ በሽተኛው ስለጮኸ መርፌውን ፍራሹ ላይ ትወጋለች?» አልኳት።

«አትወጋም።»

«አንቺ ፍራሹን ወጋሽ። በሽተኛዋ ደህና ነኝ ብላ ወደ ቤቷ ሄደች።»

ሳቅ አመለጣት። እኔ አልሳቅሁም።

ከዚያ ወዲህ ይህን ነገር ብዙ አስቤዋለሁ። ያቺ ልጅ አምስት ዓመት ተምራለች። ግድግዳ ማቆም፣ የሦስት ባለሙያ ሥራ አንድ ላይ አስገብታ ግጭቱን መለየት፣ የተቀየረውን ሁሉ ከነምክንያቱ መጻፍ ታውቃለች። መጻፏማ ባይኖር እውነቱ ጠፍቶ ቀርቶ ነበር፤ ይህን አመሰግናታለሁ። ነገር ግን ለአንዲት ግትር አሮጊት «ይህን ካደረግሁ በርዎ ይጠባል» ብሎ፣ ስትቆጣ ደግሞ መድገምን ያስተማራት የለም። ያ ማሽንም ምሰሶ ቧንቧን ሲነካው ይጮኻል እንጂ ጎላ በር ሲነካው አይጮኽም። ጎላ መኖሩን ማን ነግሮት? ውሻ የያዘውን ሰውዬ ነው የነገሩት።

ያን ምሽት ግን «ጎላውን ኮምፒውተሩ ውስጥ አስገቢው» አልኳት።

በማግሥቱ ሜትር ይዛ ምክትሌ ግቢ መጣች። መጀመሪያ የጎላውን አፍ ለካች። «ጆሮው ቀረ» አልኳት። ጆሮውን ለካች። «እኛስ?» አልኳት። ያኔ ገባት። ጎላውን በውኃ ሞልተን አስያዘችንና ከምክትሌ ክርን እስከ እኔ ክርን ለካች።

«ሆድዎን አያስገቡ እትዬ» አለቻት ምክትሌን። «እንደ ሌላው ቀን ይቁሙ።»

«ኮምፒውተር ውስጥ ከገባሁ አይቀር ቀጭን ልሁን እንጂ» አለች ምክትሌ።

የሁላችንንም ልክ አስገባች። አሁን ማያው ላይ ሁለት ሴቶችና አንድ ጎላ ሆነን ወደ በሩ ስንሄድ በሩ ቀይ ሆነ። ግድግዳውን ወደ ቀድሞው ቦታ መለሰችው። በሩ ሰፋ፣ ቀዩም ጠፋ።

«ቤንቾቹስ?» አልኳት።

«ቤንቾቹን አግድም ከማስተኛት አቁመን ግድግዳ ብናስደግፋቸው የዕቃ ቤቱ የቀድሞ ስፋት ይበቃል። ጣሪያው ከፍ ያለ ነው።»

«ያን ቀን ‹ግን› ካልሽ በኋላ ልትዪኝ የነበረው ይህን ነው?»

«አዎ።»

ምስሩን ልደፋው ምንም አልቀረኝም ነበር፤ ደግነቱ በእጄ አልነበረም።

እሑድ ከቅዳሴ በኋላ ዳኛው ግቢ ተሰበሰብን። ዳኛው ስለ በሩ ተናገረ። የባሕር ዳሩን የበሰለ ሰው አነሣ። ሴቶቹ እኔን ያዩኛል። የልጄ ልጅ ጫፍ ላይ ተቀምጣ ላፕቶፗን ጭኗ ላይ አቅፋለች።

እጄን አነሣሁና ቆምኩ። «በሩን ያጠበብኩት እኔ ነኝ» አልኩ። «ዕቃ ቤቱ ይስፋ ብዬ አዘዝኩ። ልትነግረኝ ስትል አፏን ዘጋሁት። ጥፋቷ አፏ ሲዘጋ መዘጋቱ ነው። እሱም ጥፋት ነው፤ ግን ሥራ የሚያስነጥቅ አይደለም። የሚነጠቅ ካለ የኔን ሰብሳቢነት ንጠቁኝ።»

«እመይቴ፣ ይህን የሚሉት ለልጅዎ ብለው ነው» አለ ዳኛው።

«አምጪው» አልኳት ልጅቷን።

ላፕቶፑን ጠረጴዛው ላይ አስቀመጠች። ከእድሩ አባላት አንዱ ዲማ ገዳም የተማሩ ሽማግሌ መሪጌታ ናቸው፤ ዓይናቸው ደክሟል፣ ጆሯቸው ግን ይሰማል። «ጮክ ተብሎ ይነበብ» አሉ። አነበበችው። ያዘዘው የሚለው ጋ ስትደርስ ድምጿ ቀነሰ። «ጮክ» አልኳት እኔ።

መሪጌታ ራሳቸውን ነቀነቁ። «ተከሳሹ ራሱ ከመሰከረ ምስክር ምን ያደርጋል። ዳኛ፣ ጨርሰናል» አሉ። ቀጥለው ግን «እስቲ ሌላውም ይነበብ፤ ያዘዝነውን ሁሉ እንስማው» አሉ።

የልጄ ልጅ እኔን አየችኝ። እኔ ወደ ሌላ አየሁ። ማያው ላይ አዳራሹ ፊት ለፊት ያለውን የዳኛውን መቀመጫ ነካችው። ሦስት ደረጃ ከፍ እንዲል። ያዘዘው፦ የእድሩ ዳኛ።

«ሦስት ደረጃ?» አለች ምክትሌ። «ጋሼ፣ በዚያ ጉልበትዎ ልቅሶ ላይ ማን ያወጣዎታል? እኛ ጎላ ይዘናል።»

ግቢው በሳቅ ሞላ። ዳኛው ጉሮሮውን ጠረገና ወደ ውሳኔ እንሂድ አለ። ሥራው ከልጅቷ ጋር እንዲቀጥል፣ ከእንግዲህ ማንም አንድ ነገር ሲያዝ የሚያስከትለው ነገር አብሮ በስብሰባ እንዲነበብ ተወሰነ። ደረጃው አንድ ብቻ እንዲሆን ዳኛው ራሱ ጠየቀ። ያንንም ጻፈችው።

እኔ ግን አልጨረስኩም። «ቅጣቱስ?» አልኩ። በሴቶች ወገን ያለን ልማድ የታወቀ ነው። ያጠፋች ሴት ከሚቀጥለው ልቅሶ በኋላ ጎላ ትፈገፍጋለች። «ጎላው አራት ነው። ሁለቱን እኔ፣ ሁለቱን እሷ» አልኩ።

«እሷ እኮ የእድሩ አባል አይደለችም» አለ ዳኛው፣ አሁን ደግሞ እሷን ሊከላከል።

«በሩስ የአባል በር ነው? ትፈገፍጋለች።»

ሰኞ ፎርማኑ ግድግዳውን አፍርሶ ወደ ቦታው መለሰ። ልጅቷ ቆማ አየች። ግንበኛው እያንዳንዱን ብሎኬት ሲነቅል እሷ ፊቷን ስታጨማድድ አየሁ፤ ዝምታ ስንት ብሎኬት እንደሚሆን ያኔ የቆጠረች ይመስለኛል። እኔም ቆጥሬያለሁ።

ታኅሣሥ ላይ ሰፈራችን ውስጥ አንዲት ሴት ዐረፈች። አዳራሹ ገና ጣሪያ አልነበረውም፤ በድንኳን ሸኘናት። ለቀስተኛው ሲበተን ሁለታችንም እጅጌያችንን ጠቅልለን አመድና አሸዋ ይዘን ከጎላዎቹ ጋር ቧንቧው ሥር ተቀመጥን። የጎላ ጥላሸት በቀላሉ አይለቅም። አንዱን ስትጨርስ ፊቷ ላይ ሁለት ጥቁር መስመር ነበር። አልነገርኳትም።

«እማማ» አለች፣ ጎላውን እያገላበጠች። «ይህን ተሸክሞ ከምድጃው እዚህ ድረስ መምጣት ከባድ ነው። አዳራሹ ሲያልቅም ቧንቧው ከወጥ ቤቱ እንዲሁ ሩቅ ነው የሚሆነው። ማጠቢያውን ወጥ ቤቱ ጀርባ ላመጣው እችላለሁ። ግን...»

አፌ ተከፍቶ ነበር። ዘጋሁትና ጎላዬን መፈግፈግ ቀጠልኩ። እሷም ጠበቀች፤ ዝም ብላ አልተወችውም፣ ጠበቀች።

«ግን ምን?» አልኳት።

«ግን እርስዎ ጌሾ ለመትከል የጠየቁት ቦታ ይቀራል።»

ያን የጌሾ ቦታ በስንት ክርክር ነው ያገኘሁት። ወንዶቹ መኪና ማቆሚያ ይሁን ሲሉ አንድ ወር ሙሉ ተሟግቼበታለሁ። የጎላውን ሥር ሁለት ጊዜ ዞርኩበት።

«ጻፊው» አልኳት። «ያዘዘው የሚለው ጋ ግን የኔን እንዳትጽፊ። አርክቴክቷ ብለሽ ጻፊ።»

ጻፈችው። ጌሾውን የት እንደምተክለው እስከ ዛሬ አልነገረችኝም።